ታውማትሮፕ

ታውማትሮፕ በሁለት ገጹ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች የተሣሉበት፣ በግራና በቀኝ ጠርዙ በታሰሩ ክሮች አማካይነት በፍጥነት የሚሽከረከር ክብ ካርቶን ነው። ክቡ ሲሽከረከር ተመልካቹ ሁለቱን ሥዕሎች ተራ በተራ ሳይሆን ተደርበው እንደ አንድ ሥዕል ያያቸዋል። በጣም የታወቀው ምሳሌ በአንድ ገጹ ወፍ፣ በሌላው ገጹ ባዶ የሽቦ ቤት ያለበት ነው፤ ካርቶኑ ሲሽከረከር ወፏ በሽቦ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች።

መጫወቻው እ.ኤ.አ. በ1825 ለንደን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተከታትለው ከወጡትና በመጨረሻም ወደ ሲኒማ ካደረሱት የእይታ መጫወቻዎች መካከል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ «ፊልም የሚሠራበትን ሕግ የሚያሳይ መጫወቻ» ተብሎ ይጠራል። ይህ አባባል ግን ግማሽ እውነት ነው። ታውማትሮፕ የሚያሳየው ሁለት ምስሎች እንዴት አንድ ሆነው እንደሚታዩ ነው፤ ፊልም ደግሞ ምስሎች እንዴት የሚንቀሳቀሱ እንደሚመስሉ ያሳያል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በካርቶንና በክር ብቻ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል።

ስያሜ

ስሙ ከሁለት የግሪክኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው። «ታውማ» ድንቅ ነገር ማለት ሲሆን «ትሮፖስ» መዞር ማለት ነው። በመሆኑም ታውማትሮፕ «ሲዞር ድንቅ የሚያሳይ» እንደማለት ነው።

ታሪክ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ብርሃን በዓይን ላይ መስመር ጥሎ እንደሚያልፍ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ጫፉ ፍም የሆነ እንጨት በጨለማ ውስጥ በክብ ሲወዛወዝ አንድ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የእሳት ቀለበት ይመስላል። በቡሄ ወይም በደመራ ምሽት ችቦ ሲወዛወዝ ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አይዛክ ኒውተን መጀመሪያ በ1704 በታተመው «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ የሚሽከረከረውን ፍም ምሳሌ አድርጎ፣ ስሜቱ ፍሙ ዞሮ እስኪመለስ ድረስ በዓይን ውስጥ ይቆያል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በ1765 ፓትሪክ ዳርሲ የተባለው በፈረንሳይ የኖረ አየርላንዳዊ ምሁር ፍሙን በማሽን እያሽከረከረ የቆይታውን ጊዜ ለካ። ቀለበቱ ሳይቋረጥ ሙሉ ሆኖ የሚታየው አንዱ ዙር ከ8/60 ሰከንድ፣ ማለትም ከ0.13 ሰከንድ ገደማ ባልበለጠ ጊዜ ሲያልቅ መሆኑን አገኘ።

በ1824 መጨረሻ እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮጄት በቋሚ እንጨቶች ክፍተት ሲታይ የጋሪ መንኮራኩር ራጂ ለምን ጎብጦ እንደሚታይ የሚያብራራ ጽሑፍ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1825፣ የለንደን ሐኪም የነበረው ጆን አይርተን ፓሪስ ታውማትሮፕን በሣጥን የተዘጋጀ የሥዕል ስብስብ አድርጎ ለሽያጭ አወጣ። ፓሪስ በ1827 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመውና ሳይንስን በጨዋታ ለማስተማር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥም ስለ መጫወቻው በሰፊው ተርኳል።

የፈጠራው ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ሌላ ምስክርነት አለ። የስሌት ማሽን በመንደፉ የሚታወቀው ቻርልስ ባቤጅ በ1864 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው፣ ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሳንቲም ነው። የከዋክብት ተመራማሪው ጆን ኸርሸል የሳንቲምን ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ ማሳየት ይችል እንደሆነ ባቤጅን ጠየቀው። ባቤጅ ሳንቲሙን ከመስታወት ፊት ይዞ አሳየው። ኸርሸል ግን ሳንቲሙን በጠረጴዛ ላይ አሽከረከረና ዓይኑን ከሳንቲሙ ትክክል ዝቅ አድርጎ እንዲመለከት ነገረው፤ ሁለቱም ገጾች በአንድ ላይ ይታዩ ነበር። ባቤጅ ይህን ለጂኦሎጂስቱ ዊልያም ፊተን አጫወተው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊተን በሁለት የሐር ክሮች መካከል የተንጠለጠለ፣ በአንድ በኩል ወፍ በሌላው በኩል የሽቦ ቤት ያለበት ክብ ካርቶን ሠርቶ አመጣ። ባቤጅ ስለ «ዶክተር ፓሪስ ድንቅ ፈጠራ» የሰማው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ይተርካል። በምስክርነቱም ሆነ በገበያው ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አይለወጥም፦ ስሙን የሰጠውና መጫወቻውን በሕዝብ ዘንድ ያሳወቀው ፓሪስ ነው።

ከታውማትሮፕ በኋላ ሌሎች መጫወቻዎች ተከተሉ። ቤልጅየማዊው ጆሴፍ ፕላቶ እና ኦስትሪያዊው ሲሞን ሽታምፕፈር በ1832 መጨረሻና በ1833 መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በጠርዙ ቀጫጭን ክፍተቶች ያሉትንና በመስታወት የሚታየውን የሥዕል ክብ ሠሩ። በ1834 እንግሊዛዊው ዊልያም ጆርጅ ሆርነር ኋላ «ዞኤትሮፕ» የተባለውን ከበሮ መሰል መጫወቻ ገለጸ። በ1868 ጆን ባርንስ ሊኔት ገጾቹ በአውራ ጣት በፍጥነት የሚገለጡትን ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ፈረንሳዊው ኤሚል ሬኖ በ1877 ክፍተቶቹን በመስታወቶች የተካ መሣሪያ ሠራ፤ በ1892 ደግሞ ፓሪስ ከተማ ውስጥ በእጅ የተሣሉ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን ለሕዝብ አሳየ። የሉሚየር ወንድማማቾች ታኅሣሥ 1895 በዚያው ከተማ ፊልም አስከፍለው ሲያሳዩ ታውማትሮፕ 70 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚቀድም ግምትም አለ። በ1868 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሎዠሪ ባስ በተባለው ስፍራ 31 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የአጥንት ቁራጭ ተገኘ። በአንድ ገጹ እግሯን ዘርግታ የቆመች፣ በሌላው ገጹ እግሯን ያጠፈች እንስሳ ተቀርጻበታለች፤ መካከሉም ቀዳዳ አለው። ማርክ አዜማ እና ፍሎራን ሪቬር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ይህ ቁራጭ በጅማት እየተሽከረከረ እንስሳዋን ስትነሣና ስትወድቅ የሚያሳይ የድንጋይ ዘመን መጫወቻ ሊሆን ይችላል ብለዋል። እንዲህ ዓይነት የአጥንት ክቦች እንደ ቁልፍ ወይም እንደ ጌጥም ይቆጠራሉ።

የቤት ውስጥ አሠራር

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ወፍራም ካርቶን። የጫማ ወይም የብስኩት ማሸጊያ ካርቶን ይበቃል፤ ነጭ ካልሆነ በሁለቱም ገጹ ነጭ ወረቀት ይለጠፍበታል።
• ክብ ለመሣል ኮምፓስ ወይም አፉ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ብርጭቆ።
• እርሳስ፣ ማስመሪያ እና ጥቁር ማርከር።
• መቀስ፤ ለመብሻ ወስፌ ወይም ወፍራም መርፌ።
• እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ጠንካራ ክሮች ወይም ቀጫጭን ሲባጎዎች።

ቅደም ተከተል

1. በካርቶኑ ላይ ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ተሥሎ በጥንቃቄ ይቆረጣል። ክቡ ከዚህ በጣም ካነሰ ሥዕሉ አይታይም፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ አየሩ ስለሚይዘው ፍጥነቱ ይቀንሳል።

2. በክቡ መካከል የሚያልፍ አግድም መስመር በእርሳስ በስሱ ይሠመራል። በመስመሩ ግራና ቀኝ ጫፍ፣ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ሁለት ነጥቦች ይደረጋሉ። ክሮቹ የሚገቡት በእነዚህ ነጥቦች ነው። መስመሩ የክቡ ዛቢያ ስለሆነ መካከሉን ከሳተ ካርቶኑ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል።

3. መስመሩ አግድም እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሽቦ ቤቱ በወፍራም ጥቁር መስመር ይሣላል።

4. ሁለቱ ነጥቦች በግራና በቀኝ እጅ ጣቶች ይያዙና የክቡ የላይኛው ጠርዝ ወደ ታች እንዲመጣ ካርቶኑ ይገለበጣል። እንደ መጽሐፍ ገጽ ከቀኝ ወደ ግራ አይገለጥም። አሁን ከፊት በመጣው ባዶ ገጽ መካከል ወፏ ቀጥ ብላ ትሣላለች።

5. ሁለቱ ነጥቦች በወስፌ ይበሳሉ። እያንዳንዱ ክር ለሁለት ይታጠፍና እጥፋቱ በቀዳዳው ይገባል፤ ከዚያ የክሩ ሁለት ጫፎች በእጥፋቱ ቀለበት ውስጥ ያልፉና ይጠብቃሉ። የቀሩት ጫፎች በአንድ ላይ ይቋጠራሉ። በዚህ ዓይነት በካርቶኑ ግራም ቀኝም ጥንድ ክር ይኖራል።

6. የሁለቱ ክሮች ጫፎች በግራና በቀኝ እጅ ይያዛሉ። ሌላ ሰው ካርቶኑን በዛቢያው ዙሪያ 30 ወይም 40 ጊዜ ያዞረዋል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ ክሮቹን አላልቶ ካርቶኑን እንደ መዝለያ ገመድ በማዞር ሊያጠማዝዛቸው ይችላል። ከዚያ ክሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሳቡ ይፈታሉ፤ ካርቶኑም ይሽከረከራል። ክሩ ተፈትቶ ሲያልቅ ካርቶኑ ባገኘው ግፊት ማሽከርከሩን ስለሚቀጥል ክሩ በተቃራኒው ይጠመዘዛል። በዚያች ቅጽበት እጅን ላላ አድርጎ መልሶ በመሳብ መጫወቻውን ሳያቆሙ ማሽከርከር ይቻላል።

አራተኛው ደረጃ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ካርቶኑ የሚሽከረከረው በአግድም ዛቢያ ስለሆነ በየግማሽ ዙሩ የላይኛው ወደ ታች ይሄዳል፤ ግራው ግን ግራ፣ ቀኙም ቀኝ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ካርቶኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጦ ሲታይ የኋላው ሥዕል ከፊተኛው አንጻር የተዘቀዘቀ ሆኖ መገኘት አለበት። ሁለቱም በመጽሐፍ አገላለጥ ቀጥ ብለው ከተሣሉ ሲሽከረከር ወፏ በአናቷ የቆመች ትመስላለች።

ክር ሳይኖር የሚሠራ ዓይነት

ትንንሽ ልጆች ክር መጠምዘዝ ካስቸገራቸው ሁለት እኩል ክቦች ይቆረጡና በአንዱ ላይ ወፍ፣ በሌላው ላይ የሽቦ ቤት ይሣላል። እርሳስ ወይም ቀጭን ዱላ በሁለቱ መካከል ከላይ ወደ ታች ተጋድሞ ክቦቹ ጀርባ ለጀርባ በኮላ ይለጠፋሉ። ኮላው ሲደርቅ ዱላው በሁለት መዳፍ መካከል ወዲያና ወዲህ ይፈተላል። በዚህኛው ዓይነት ዛቢያው ቋሚ ስለሆነ ሁለቱም ሥዕሎች ቀጥ ብለው ይለጠፋሉ፤ መዘቅዘቅ አያስፈልግም።

የሥዕል ምርጫ

ጥሩ ውጤት የሚሰጡት ለየብቻቸው ጎደሎ ሆነው ሲደረቡ የሚሟሉ ጥንድ ሥዕሎች ናቸው፦ ዓሣና የመስታወት ዕቃ፣ ፈረስና ጋላቢ፣ ቅጠል የሌለው ዛፍና ቅጠሎቹ፣ መላጣ ራስና ጸጉር። ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ቦታ ላይ ከተደራረቡ መስመሮቻቸው ስለሚቆራረጡ አንደኛው በሌላው ክፍት ቦታ ላይ ቢውል ይመረጣል።

ፊደልም ለዚህ ጨዋታ ይመቻል። «ሰላም» የሚለው ቃል በሦስት እኩል ቦታዎች ተከፍሎ በአንዱ ገጽ «ሰ» እና «ም»፣ በሌላው ገጽ መካከሉ ላይ «ላ» ብቻ ቢጻፍ ካርቶኑ ሲሽከረከር ቃሉ ተሟልቶ ይነበባል። አንድን ፊደል ራሱን መክፈልም ይቻላል። በአንዱ ገጽ ትልቅ «በ» ይጻፍና በሌላው ገጽ ግዕዙን ወደ ካዕብ የሚለውጠው ትንሽ መስመር ብቻ በቦታው ይደረጋል፤ ሲሽከረከር የሚነበበው «ቡ» ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ እግሩ ግርጌ ቢወርድ «ቢ» ይሆናል። ጀማሪ አንባቢ ሕፃን የሆሄው ቅርጽና የድምፁ ለውጥ በምን እንደሚያያዙ በዚህ ሊያይ ይችላል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

• አንዱ ሥዕል ተዘቅዝቆ ይታያል፦ ካርቶኑ በስህተት እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጦ ተሥሏል። ሥዕሉ በሌላ ወረቀት ተሥሎ በትክክለኛው አቅጣጫ ሊለጠፍበት ይችላል።
• ሥዕሎቹ አይገጣጠሙም፦ አንደኛው ከመካከል ወጥቷል። ሁለቱም ገጾች ላይ የዛቢያውን መስመርና መካከሉን የሚቆርጥ ቋሚ መስመር በእርሳስ አድርጎ በዚያ ልክ መሣል ይረዳል።
• ካርቶኑ ይወዛወዛል፦ ቀዳዳዎቹ በዛቢያው ላይ አይደሉም፣ ወይም ክቡ እኩል አልተቆረጠም።
• ካርቶኑ ይታጠፋል፦ ወረቀቱ ስስ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ተደርጎ መለጠፍ አለበት።
• ሥዕሎቹ ግራጫ ሆነው ይደበዝዛሉ፦ መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ምክንያቱ ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ሁለት ሥዕል እንዴት አንድ ይሆናል

ብርሃን በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ፣ በሬቲና፣ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ስሜት ብርሃኑ በጠፋበት ቅጽበት አብሮ አይጠፋም። በሬቲናም ሆነ በአንጎል ውስጥ ለአጭር ጊዜ፣ በግምት ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል፣ ይቆያል። ጊዜው እንደ ብርሃኑ መጠን ይለያያል፤ በደብዛዛ ብርሃን ይረዝማል፣ በደማቅ ብርሃን ያጥራል። የወፏ ምስል ሳይከስም የሽቦ ቤቱ ከመጣ፣ የሽቦ ቤቱም ሳይከስም ወፏ ከተመለሰች ሁለቱን የሚለያቸው የጊዜ ክፍተት አይታወቅም።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ክሩ 30 ጊዜ ተጠምዝዞ በ2 ሰከንድ ውስጥ ተፈትቶ ቢያልቅ ካርቶኑ በአማካይ በሰከንድ 15 ዙር ዞሯል። በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዱ ገጽ አንድ ጊዜ ወደ ተመልካቹ ስለሚዞር ወፏ በየ1/15 ሰከንድ፣ ማለትም በየ0.07 ሰከንድ ገደማ ትመለሳለች። ይህ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ወፏ ሳትጠፋ የቆየች ትመስላለች። በሰከንድ 3 ወይም 4 ዙር ብቻ ሲዞር ግን ሁለቱ ሥዕሎች እየተፈራረቁ ይታያሉ።

ካርቶኑ በመዞር ላይ እያለ ሥዕሉ ለምን እንደማይፈርስም ምክንያት አለው። ከዛቢያው በላይ የተሣለ አንድ ነጥብ ገጹ ወደ ተመልካቹ በተመለሰ ጊዜ በሙሉ ከፍታው ይታያል፤ ካርቶኑ በጠርዙ ሲቆም ደግሞ ወደ ዛቢያው የተጠጋ ይመስላል። በዓይን ሲታይ ነጥቡ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄደው ገጹ ፊት ለፊት በሆነበት አካባቢ ነው፤ በጠርዙ በኩል ግን ፈጥኖ ያልፋል። ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገኘው ሙሉውን ሥዕል ስለሆነ የሚቀረውም እርሱ ነው።

ጥቁሩ መስመር ግራጫ የሚሆነው ዓይን በፍጥነት የሚፈራረቁ ብርሃኖችን አማካይ አድርጎ ስለሚያይ ነው። በአንዱ ገጽ ጥቁር መስመር ያለበት ቦታ በሌላው ገጽ ነጭ ነው። ጥቁሩና ነጩ በእኩል ጊዜ ሲፈራረቁ የሚታየው የሁለቱ መካከለኛ ነው። ይህ ሕግ በእንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እና ከላይ በተጠቀሰው ፕላቶ ስም የታልቦት-ፕላቶ ሕግ ይባላል። ለዚህ ነው በታውማትሮፕ ውስጥ ወፏ ከሽቦዎቹ በስተጀርባ ያለች ሳይሆን በሽቦዎቹ ውስጥ የምታሳልፍ መስላ የምትታየው፤ አንዱ ሥዕል ሌላውን ሊሸፍነው አይችልም።

መደረብና መንቀሳቀስ

ስለ ሲኒማ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ «ምስል በዓይን ውስጥ ስለሚቆይ ተከታታይ ፎቶግራፎች የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ» የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ አንድ ችግር አለበት። የምስል ቆይታ ብቻውን የሚያደርገው ነገር ምስሎችን መደረብ ነው። የሚሮጥ ሰው ተከታታይ ምስሎች ቢደረቡ የሚታየው የሚሮጥ ሰው ሳይሆን ብዙ እግር ያለው ሰው ነው።

ሁለቱን ለመለየት የረዳው በ1912 ማክስ ቨርትሃይመር የተባለው ምሁር ጀርመን ውስጥ ያሳተመው ጥናት ነው። ቨርትሃይመር በተለያየ ቦታ ያሉ ሁለት መስመሮችን አንዱን አስከትሎ አሳየ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ወደ 0.03 ሰከንድ ሲያጥር ተመልካቾቹ ሁለቱንም መስመሮች በአንድ ጊዜ አዩ። ወደ 0.2 ሰከንድ ሲረዝም አንዱ ጠፍቶ ሌላው ሲመጣ አዩ። በመካከሉ፣ በ0.06 ሰከንድ አካባቢ፣ ግን አንድ መስመር ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ታያቸው፤ በእውነት የተንቀሳቀሰ ነገር ግን አልነበረም። እንቅስቃሴው የተገኘው ከዓይን ዘገምተኛነት ሳይሆን አንጎል ሁለቱን ምስሎች የአንድ ነገር ሁለት ቦታዎች አድርጎ ከመረዳቱ ነው።

ታውማትሮፕ ከዚህ ከሦስቱ የመጀመሪያው ነው። ፊልም ሁለቱንም ይጠቀማል። በተለመደው የፊልም ሥርዓት በሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ፤ ማሳያው ግን እያንዳንዱን ምስል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስለሚያበራ በሰከንድ 48 ወይም 72 ብልጭታ ይኖራል። ብልጭታው እንዳይታወቅ የሚያደርገው የምስል ቆይታ ሲሆን፣ ሰውየው የሚራመድ እንዲመስል የሚያደርገው ግን የአንጎል ሥራ ነው።

ለክፍል የሚሆኑ ሙከራዎች

የክንፍ ሙከራ። በአንዱ ገጽ ክንፎቿን ወደ ላይ ያነሣች፣ በሌላው ገጽ ክንፎቿን ወደ ታች ያወረደች አንዲት ወፍ በተመሳሳይ ቦታ ትሣላለች። ካርቶኑ ቀስ ብሎ ሲዞር ወፏ ክንፏን የምታራግብ ትመስላለች። ፍጥነቱ ሲጨምር መራገቡ ይቆምና አራት ክንፍ ያላት ወፍ ትታያለች። መንቀሳቀስና መደረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በአንድ ካርቶን የሚያሳይ ሙከራ ይህ ነው።

የቀለም ሙከራ። አንዱ ገጽ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይቀባል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ይጠብቃሉ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቀለሞች በብሩሽ ሲደባለቁ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ካርቶኑ ሲሽከረከር ግን የሚታየው ወደ ግራጫ ያደላ ቀለም ነው። በብሩሽ ሲደባለቅ አንዱ ቀለም የሌላውን ብርሃን ይውጣል፤ በማሽከርከር ጊዜ ግን ከሁለቱ ገጾች የሚመጡት ብርሃኖች በዓይን ውስጥ ይደመራሉ።

የብርሃን ሙከራ። ያው ካርቶን በቀን ብርሃን ደጅ፣ ከዚያም በከፊል በጨለመ ክፍል ውስጥ በተመሳሳይ ፍጥነት ይሽከረከራል። በደብዛዛው ክፍል ሥዕሎቹ በቀላሉ ይዋሃዳሉ፤ ደጅ ግን መብለጭለጩ ይታያል።

የካሜራ ሙከራ። ቀርፋፋ ቪዲዮ መቅረጽ በሚችል ስልክ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ካርቶኑ ሲሽከረከር ይቀረጻል። በሰከንድ 240 ምስል በሚቀርጽ ስልክ፣ በሰከንድ 15 ዙር የሚዞር ካርቶን በአንድ ዙር 16 ጊዜ ይቀረጻል። ምስሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ በእያንዳንዱ ላይ ወይ ወፏ ወይ የሽቦ ቤቱ ብቻ ይገኛል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ምስል አይኖርም። ወፏ በሽቦ ቤቱ ውስጥ የገባችው በካርቶኑ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ውስጥ መሆኑን ይህ ያረጋግጣል። ምስሎቹን በመቁጠርም የካርቶኑን ፍጥነት ማወቅ ይቻላል።

ከክር ማሽከርከሪያ ጋር ያለው ልዩነት

ከትልቅ የልብስ ቁልፍ ወይም ከተጠፈጠፈ ቆርኪ የሚሠራው፣ ሲሳብ የሚጮኸው የክር መጫወቻ ከታውማትሮፕ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም የሚሽከረከሩት በተጠመዘዘ ክር ነው። ልዩነቱ የዛቢያው አቅጣጫ ነው። በቆርኪው ክሩ መካከሉ ላይ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ስለሚያልፍ ቆርኪው እንደ መንኮራኩር ይዞራል፤ አንድ ገጹ ዘወትር ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳየ ነው። በዚያ ላይ የተሣለ ሥዕል ወደ ቀለበትነት ይለወጣል እንጂ ከጀርባው ሥዕል ጋር አይደረብም። በታውማትሮፕ ግን ዛቢያው በካርቶኑ ስፋት ስለሚያልፍ ሁለቱ ገጾች ይፈራረቃሉ።

ጥንቃቄ

መብሻውን ለትንንሽ ልጆች አዋቂ ሰው ቢሠራላቸው ይመረጣል። ካርቶኑ ሲሽከረከር ከፊት ራቅ ተደርጎ መያዝ አለበት፤ ክሩ ከተበጠሰ ጠርዙ ዓይን ሊመታ ይችላል። የሚብለጨለጭ ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ስላሉ፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ተማሪ የሚሽከረከረውን ካርቶን በደማቅ ብርሃን ፊት ቀርቦና አተኩሮ እንዳይመለከት ማድረግ ተገቢ ነው።